ለዘጠኝና ለአሥራ አንድ የሚካፈል ታርጋ

እኛ ቤት የመኪና ታርጋ አይነበብም፤ ይመረመራል። ሌላው ሰው የሚያልፍ መኪና ሲያይ ቀለሙን ወይም ስሪቱን ያያል። አባቴና እኔ ግን ቁጥሩን ይዘን «ስንት ልጆች አሉህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ?» እንለው ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሰበታ ውስጥ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ቤታችን የጅማ መንገድ ዳር ስለነበር ከተፍኪ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ሆኖልኝ አደግኩ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች ልጆቹ ይባላሉ፤ ራሱ ቁጥሩ አይቆጠርም። ልጆቹ ተደምረው እሱን ካልሞሉት ጎደሎ ነው። ካለፉት ትርፍ ነው። ልክ እሱን ካከሉት ደግሞ ፍጹም ነው። አሥር ጎደሎ ነው፤ ልጆቹ አንድ፣ ሁለትና አምስት ናቸው፣ ቢደመሩ ከስምንት አያልፉም። አሥራ ሁለት የልጅ ሀብታም ነው፣ ይተርፈዋል። ስድስት ፍጹም ነው፤ አንድና ሁለትና ሦስት ስድስት ይሆናሉ። ከአንድ በቀር ልጅ የሌለውን ቁጥር መጽሐፉ ብቸኛ ይለዋል። «ልጅ» የሚለው ግን በየትም መጽሐፍ የለም፣ የአባቴ ነው።

አንድ ጊዜ ታዲያ ባለ አምስት አሃዝ ፍጹም ታርጋ ያገኘሽ ቀን ብስክሌት እገዛልሻለሁ አለኝ። በዜሮ የሚጀምር አይቆጠርም፣ ብሎ አጠበቀው። ስንት ክረምት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ፈለግኩ! ከስምንት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ስምንት ቀጥሎ ያለው ፍጹም ቁጥር ባለ ስምንት አሃዝ መሆኑን፣ በመካከላቸው አንድም ፍጹም እንደሌለ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ለፋሲካ መጥቼ ስጮህበት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ብስክሌቱን መግዛት ስለማልችል የማይገኝ ነገር ፈልጌ ነው፣ አለኝ። እኔ ግን ብስክሌቱ አልነበረም የቆጨኝ። አውቆ በረንዳ ላይ ያስቀመጠኝ መሆኑ ነው።

«አሃዙን ማንም ያነባል፤ አንቺ ጸባዩን ያዢ» ይለኝ ነበር። እኔንም የሚያጠናኝ እንደ ቁጥር ነው። ግራኝ ነኝ። ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል ዛሬም ድረስ ሃምሳ አራት ይቀድመኛል፤ እንጀራዬ ሒሳብ ማስተማር ሆኖ እንኳ አልለቀቀኝም። ሳለቅስ ደግሞ ያስነጥሰኛል። ልጅ ሳለሁ አጥፍቼ ሊገርፈኝ ሲነሳ እኔ ማስነጠስ እጀምራለሁ፤ እሱ ሳቁ ይመጣበትና ቀበቶውን መልሶ ይታጠቃል። በዚህ ጸባይሽ በጨለማም አላጣሽም ይለኝ ነበር።

እናቴ ከሞተች በኋላ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የረሳው ዕቃ ነው፤ ቀጥሎ ቀን፣ ቀጥሎ ሰው። ከሰበታ አንስቼ ወደማስተምርበት ወደ ቡራዩ አመጣሁትና አብረን መኖር ጀመርን። ስሜን ትቶ በእናቴ ስም የጠራኝ ቀን ሳቅሁ። በኋላ እሱም ቀርቶ «እርስዎ» ሲለኝ ግን ሳቄ አለቀ። ቀኑ ሲመሽ በር ላይ ይቆምና ልጄ ከትምህርት ቤት አልመጣችም ይላል። አለሁ እኮ፣ አባዬ፣ እለዋለሁ። በትሕትና አየት ያደርገኝና እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ መንገዱን ማየቱን ይቀጥላል። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች በምትጠበቀዋ ልጅ ቀናሁባት። የማጥበው እኔ፣ የማጎርሰው እኔ፣ መርፌውን የምወጋው እኔ፤ የምትናፈቀው እሷ። ንዴቱ ሌላ ማንም ላይ ስለማይወጣ ድስት ላይ እወጣዋለሁ።

የጠፋው በሐምሌ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነበር። ስኳር ስላለበት የማታ መርፌው አልቆ ልንገዛ ረፋድ ላይ አብረን ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ አስቀመጥኩትና መድኃኒቱን ገዝቼ ስወጣ አግዳሚው ባዶ ነው። ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ አየሁት። አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ አባቴ እግሩን አንስቶ እየወጣ ነው፤ ከውስጥ ሰው እጁን ይዞ በክብር እየሳበው ነው። ልጮህ ስል አሸዋ የጫነ ገልባጭ በመካከላችን አለፈ። ገልባጩ ሲያልፍ ሚኒባሱ ተነስቶ ነበር። ጭቃውን እየረጨሁ ሮጥኩ። ደርሼ የምይዘው እንዳልሆነ ሲገባኝ ታርጋውን አየሁ።

ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ዓይኔ አሃዞቹን አይቶ ደመራቸው፤ ሃያ ሰባት። እንግዲያው ለዘጠኝ ይካፈላል። አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ደመረ፤ አሥራ ዘጠኝ። ሁለተኛውንና አራተኛውን ደመረ፤ ስምንት። ልዩነታቸው አሥራ አንድ ነው፤ እንግዲያው ለአሥራ አንድም ይካፈላል። ለሁለት አይካፈልም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘቴ ብርቅ ሆኖብኝ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። እንደዚያ እየሮጥኩ፣ አባቴ እየተወሰደ፣ ደስ አለኝ። ሚኒባሱ ከታጠፈ በኋላ ቁጥሩን ለራሴ ልናገር አፌን ስከፍት አንድም አሃዝ አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ የያዝኩት ገለባውን ሆነና ፍሬውን ለቀቅኩት።

ታክሲ ተራው ላይ ደርሼ ተራ አስከባሪውን ያዝኩት። ጎልማሳ ነው፣ ድምፁ በጩኸት የሻከረ። አባቴ በመኪና ሄደብኝ፣ የታመመ ሰው ነው፣ ራሱን አያውቅም አልኩት። ታርጋውን አይተሻል ወይ ሲለኝ አይቻለሁ አልኩ።

«ስንት ነው?»

«ለዘጠኝና ለአሥራ አንድ ይካፈላል።»

ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለው፤ ጓደኛው ራሱን ነቀነቀ። መልሶ ወደ እኔ መጣና ለታመመ ሰው በሚነገርበት ድምፅ፣ እህቴ፣ ኮዱ ስንት ነው፣ የኦሮሚያ ነው የአዲስ አበባ፣ ቀለሙስ፣ እያለ ጠየቀኝ። አንዱንም አላየሁም። በእኛ ጨዋታ ኮድና ክልል አይቆጠርም። በዚያን ሰዓት ከእሱ ተራ የወጣ መኪና እንደሌለ፣ ምናልባት ኮንትራት የተያዘ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ።

ፖሊስ ጣቢያ የባሰ ነው። ተረኛው የነገርኩትን ሰምቶ፣ ይህ ታርጋ ሳይሆን የታርጋ ጸባይ ነው አለኝ። ትክክል ነው፣ ምን ይባላል። እኔም በጭንቀቴ ላይ ሒሳቡን ቆሜ ሠርቼ፣ የአሃዞቻቸው ድምር ሃያ ሰባት ሆኖ ለአሥራ አንድ የሚካፈሉ፣ ለሁለት የማይካፈሉ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥሮች ሁለት መቶ ሃያ አምስት ብቻ ናቸው አልኩት፤ የረዳሁት መስሎኝ። በየኮዱና በየክልሉ ሁለት መቶ ሃያ አምስት መኪና ላስቁም ወይ አለኝ። የአባቴን ፎቶ ከስልኬ ወሰደና የሚሄድበትን ቦታ አስቢ አለኝ።

የት ይሄዳል? ሰው አእምሮውን ሲስት ወደ ድሮ ቤቱ ነው የሚሄደው ሲባል ሰምቻለሁ። ሰበታ ነው ብዬ ቆረጥኩ። በአስኮ አድርጌ፣ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ገና፣ ከአንዱ ታክሲ ወርጄ ሌላው ላይ እየተሳፈርኩ፣ መድኃኒቱ ቦርሳዬ ውስጥ እየሞቀ ሄድኩ። በየመንገዱ የሚያልፈኝን ሚኒባስ ሁሉ እደምራለሁ። ሃያ ሁለት፤ አይደለም። ሠላሳ አንድ፤ አይደለም። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ ጸሎት መስሏት «አሜን» አለችኝ።

የድሮ ጎረቤታችን፣ ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ በራቸው ላይ ነበሩ፤ በዚያው መሬት ተወልደው በዚያው ያረጁ ገበሬ ናቸው። «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው ፊቴን ሲያዩ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ተዉት። አባቴን አላዩትም። የቤታችንን ዙሪያ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር፣ አባቴ ይቀመጥበት የነበረውን ድልድይ አብረን አየን። የለም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ኦቦ ዱላቸውን አንስተው እኔ በወንዙ በኩል አያለሁ፣ አንቺ ወደ መጣሽበት ተመለሺ አሉኝ። በወንዙ በኩል ማለታቸው ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። የማታ መርፌው እኔ ጋ ነው፣ ሹራብ ብቻ ነው የለበሰው፣ ስሙን ቢጠይቁት አያውቅም። የት እንዳለ ሳላውቅ በዚያ ዝናብ ሊሞትብኝ ነው እያልኩ ያን ሁሉ መንገድ ተመለስኩ።

ቡራዩ ተራው ላይ ስደርስ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። መኪና ይዞራል እንጂ አይጠፋም፤ ከዚህ የተነሳ ወደዚህ ይመለሳል ብዬ ቆምኩ። የሚገባውን ሚኒባስ ሁሉ ፊቱ ላይ ቆሜ እደምራለሁ። ሾፌሮቹ በጡሩንባ ያባርሩኛል። ተራ አስከባሪው እያየኝ ቆየ። ከዚያ መጥቶ ከአጠገቤ ቆመና፣ ያን የሻከረ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከሩቅ የሚመጡትን ታርጋዎች አንድ በአንድ ይጠራልኝ ጀመር። እሱ ይጠራል፣ እኔ አይደለም እላለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። አምስት ስምንት ሦስት ሁለት ዘጠኝ ሲል ወደ መኪናው ተራመድኩ፤ ድምሩ ሃያ ሰባት ነው። ግን አሥራ ሰባትና አሥር ሆነ፤ ለአሥራ አንድ እምቢ አለ። አይደለም፣ አልኩ፤ እሱ ወደሚቀጥለው አለፈ።

«ሰባት ሰባት ዘጠኝ አንድ ሦስት።»

ሃያ ሰባት። አሥራ ዘጠኝና ስምንት። ሁለቱ ሰባቶች ጎን ለጎን ቆመው ሳያቸው ዓይኔም አወቃቸው። መኪናው ፊት ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

ሾፌሩ ሊቆጣ ወርዶ ሁኔታዬን ሲያይ ተወው። ቡናማ ሹራብ የለበሰ ሽማግሌ ስለው ፊቱ ተለወጠ። «እኛ እኮ የሟቿ አጎት መስለውን ነው» አለኝ። ሱሉልታ አንዲት ወጣት ሞታ እዚህ ያሉ ዘመዶቿ ለቀብር ኮንትራት ይዘውት ነበር። አባቴ በሩ ላይ መጥቶ ሲቆም ሴቶቹ ቦታ ለቀቁለት፣ አንዱ እጁን ይዞ አስገባው። በለቅሶ መኪና ላይ «አንቱ ማነዎት» ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። የአባት ወገን የእናት ዘመድ ይመስለዋል፣ የእናት ወገን ደግሞ የአባት ዘመድ። ደግሞም መንገዱን ሙሉ ሲያለቅሱ ነበር አለኝ ሾፌሩ፤ ከሁሉም ይልቅ እሳቸው ነበሩ የሚያሳዝኑት።

ለቀስተኞቹን ሊመልስ ኋላ ላይ መሄዱ ስለማይቀር አሁን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ተራ አስከባሪው በትከሻው ገፋ አድርጎ ጋቢና ውስጥ አስገባኝና «ኒ ጅሩ፤ በሕይወት አሉ» አለኝ። በአስኮ አድርገን ዳገቱን ስንይዝ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። እንዳልጮህ ሒሳብ ሠራሁ። ሰባ ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሦስትን ለዘጠና ዘጠኝ ሳካፍለው ሰባት መቶ ሰማንያ ሰባት ሆነ። እሱን በሰባት ሞከርኩት፣ በአሥራ ሦስት፣ በአሥራ ሰባት፣ በአሥራ ዘጠኝ፣ በሃያ ሦስት፤ ማንም አላካፈለውም፣ ብቸኛ ነው። እንግዲህ የቁጥሩ ልጆች አሥራ አንድ ናቸው። ደመርኳቸው፤ አርባ አምስት ሺህ አሥራ አምስት። አባታቸውን አይሞሉትም። ጎደሎ ነው። አሥራ አንድ ልጅ ወልዶ ጎደሎ ከሆነ እኔ ብቻዬን ምን ልሞላ ኖሯል ብዬ አሰብኩ፤ ሾፌሩ መስኮቱን ዝጊው፣ ብርድ ነው አለኝ።

ሱሉልታ ስንደርስ ገና አልጨለመም። ድንኳኑ ጭቃ ላይ ተተክሏል። አባቴ ከፊት፣ ከሽማግሌዎች መካከል ተቀምጧል፤ ትከሻው ላይ የሰው ጋቢ አልብሰውታል፣ እጁ ላይ ሻይ አለ። በሕይወት አለ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዘመድ አገኘሁ ብሎ መጮህ አይቻልምና አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ሐዘንተኛ መስያቸው አጠገቡ ቦታ ለቀቁልኝ። ሻዩ ስኳር እንደሆነ ስላወቅኩ ቀስ ብዬ ከእጁ ወሰድኩት፤ አልከለከለኝም። ልጁ እንደሆንኩ፣ በሽተኛ እንደሆነ፣ ወጣ አድርጌ መርፌውን እንደምወጋው ለሽማግሌው በጆሮአቸው ነገርኳቸው። ደነገጡ። «ከመጡ ጀምሮ ሟች ልጄ ናት ነው የሚሉት፤ ሐዘን ያወዛገባቸው መስሎን ዝም አልን» አሉኝ።

«አባዬ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። እርስዎም ለልጄ ለቅሶ መጡ ወይ አለኝ።

«ፍለጋ ወጥቼ ነበር» አለ፤ «ከትምህርት ቤት ቀረችብኝ። ሰዎች አፈላልገው ይዘውኝ መጡ። ለካ ሞታለች።»

አልሞተችም፣ ይኸው አለች፣ ማለት ነበረብኝ። ብያለሁም። አላደመጠኝም፤ ሐዘንተኛን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያባብለው። ያን ጊዜ የመጨረሻ ተስፋዬን ይዤ «ስሟ ማን ነበር?» አልኩት።

አሰበ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። «ስሟ ጠፋብኝ» አለ። «ግራኝ ነበረች። ሰባት ጊዜ ስምንት ስትባል ሃምሳ አራት ትላለች፣ ብመክር ብመክር አልተዋትም። የሌለ ቁጥር ስትፈልግ በረንዳ ላይ ስንት ክረምት አስቀመጥኳት። እኔ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን እዚያ ከሆነች በመስኮት አያታለሁ።»

ጸባዬ ሁሉ አለው። አንድም አልጎደለውም። እኔ ቀን ላይ በታርጋው ያደረግኩትን እሱ በእኔ አድርጎታል፤ አሃዙ ብቻ ነው የወደቀው። እኔ ደግሞ ቆሜ የሚጠራልኝ ሰው አግኝቼ ነበር። ለእሱ ማን ይጥራለት? ያን ሁሉ መንገድ ያላለቀስኩት ለቅሶ መጣ፤ ከለቅሶው ጋር ማስነጠሱ መጣ። አንዴ፣ ደግሞ፣ መልሶ አስነጠሰኝ። ሰዎች ዞረው አዩኝ።

አባቴም አየኝ፤ ትክ ብሎ፣ ድሮ የሚያልፍ መኪና በሚያይበት ዓይን።

«እርስዎም ሲያለቅሱ ያስነጥስዎታል?» አለኝ።

«አዎ።»

«የኔም ልጅ እንደዚሁ ነበረች» አለ። ከዚያ በብርድ ስንቀጠቀጥ አይቶ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው፣ የጋቢውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።